በኑሪያ ስም የጻፍኩት የመደመር ምልክት

ከሠላሳ ዓመት በላይ በላቦራቶሪ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ብዙ ነገር ገጥሞኛል፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ሰኞ ጀምሮ ቅዳሜ ያበቃውን ይህን ነገር ግን ማን ምን እንዳለ ሳይቀር አስታውሰዋለሁ። ለልጆቼ እንኳ በቅጡ ነግሬያቸው አላውቅም። ዛሬ ለምን ልጽፈው እንደተነሣሁ መጨረሻው ላይ ትረዱታላችሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከላቦራቶሪ ትምህርት ቤት በጥሩ ውጤት ተመርቄ ኦሎምፒያ አጠገብ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ከተመደብኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። የምኖረው ኮተቤ፣ አክስቴ ዘንድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ውይይት ታክሲ ላይ ተጠቅጥቄ እስከ መገናኛ እመጣና የቀረውን እንደ ቀኑ ሁኔታ በእግሬ ወይም በአውቶቡስ እጨርሰዋለሁ። ጊዜው ደርግ ነው። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚገኝበት፣ የውይይት ክበብ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ የሚጠየቅበት ጊዜ። ፀዳለ የሚለው ስሜ እንኳ በመሥሪያ ቤቱ ያለ «ጓድ» አይጠራም ነበር።

ጓድ የማይለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ደምሰው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ከሰው ይልቅ ከዕቃ ጋር የሚግባቡ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። አንዲት ማይክሮስኮፕ ነበረችን። በአንድ ዓይን የምታሳይ፣ መብራት ሲጠፋ ከሥሯ ባለው መስታወት ከመስኮት የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለች የምትሠራ አሮጌ ነበረች። አቶ ደምሰው እንደ ልጃቸው ነበር የሚይዟት።

«ማይክሮስኮፕ አይዋሽም ብለው አስተምረውሻል አይደል?» አሉኝ የመጀመሪያው ቀን። «ይዋሻል። ብርሃኑ መሃል ላይ ካልዋለ ይዋሻል። ብርሃን ሰብሳቢው ኮንደንሰር ዝቅ ብሎ ከቀረ ይዋሻል። ሌንሱ ከቆሸሸ ይዋሻል። የምታይበት ሰው ከቸኮለች ደግሞ ከሁሉም የባሰ ይዋሻል።»

በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር ያስደርጉኝ ነበር። በትንሹ ሌንስ ጀምሪ፤ ብርሃኑን መሃል አምጪው፤ ከሥር ያለችውን ክፍት ጠበብ፣ ሰፋ እያደረግሽ ጥላው ሲስተካከል አቁሚ፤ ከዚያ ወደ ትልቁ ሌንስ እለፊ። ትልቁ ሌንስ ያለ ዘይት አያሳይም፤ ስለዚህ ናሙናው በተቀባበት ብርጭቆ፣ በስላይዱ ላይ፣ አንዲት ጠብታ ዘይት ይደረጋል። የዘይቱ ማንጠብጠቢያ ስላይዱን እንዳይነካ ከፍ አድርገሽ ጣይው። አንዱን ስላይድ ጨርሰሽ ወደ ሌላው ስታልፊ ሌንሱን ጥረጊ። አንድ ቦታ ላይ ያየሽውን ይዘሽ አትሩጪ፤ ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ሂጂበት።

እኔ ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ ብዬ አምን ነበር። ፈጣን ነበርኩ፤ በፍጥነቴም እኮራ ነበር። አቶ ደምሰው በሃያ ደቂቃ የሚያዩትን ስላይድ እኔ በስድስት ደቂቃ እጨርሰዋለሁ። የሌንስ መጥረጊያው ወረቀት ደግሞ በአገር ጠፍቶ አንዷን ቅጠል አራት ቦታ እየቀደድን ነበር የምንጠቀመው። ስለዚህ በየስላይዱ መጥረጉን ትቼ በየአሥሩ ማድረግ ጀመርኩ። ማንም አላየኝም። ውጤቴም ሲሳሳት አላየሁም፤ ወይም አልፈለግኩትም።

ሌላም ነገር መናገር አለብኝ። ከእኔ በፊት እዚያ ይሠራ የነበረው ቴክኒሻን አንድ ማሞቂያ ምድጃ ስለተቃጠለበት «አሻጥር ነው» ተብሎ ተወስዷል። የተፈታው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ምድጃው ራሱ ያረጀ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ማንም ግን አልተናገረም።

ያ ሰኞ ሥራ የበዛበት ነበር። ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ወጣቶች የጤና ምርመራቸው በእኛ በኩል እንዲያልፍ ታዞ የአክታቸው ናሙና መጣ። ቲቢ ያለበት አይሄድም። ከእነሱ ሌላ የዘወትር ታካሚዎቹም ነበሩ። ሁሉም ተደምሮ አርባ ምናምን ስላይድ ሆነ። ከረፋዱ ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ስለነበር መስኮቱ ሥር ተቀምጬ በፀሐይ ብርሃን አየሁ።

ቲቢ በዚያ ማቅለሚያ ቀይ ሆኖ ነው የሚታየው። ሌላው ሁሉ፣ የሰውየው ሴልም ሆነ ሌላው ተሕዋስ፣ ሰማያዊ ይሆናል፤ የቲቢው ባክቴሪያ በሰማያዊው መካከል እንደ ቀጫጭን ቀይ ጭረት ብቅ ይላል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ የአንድ ልብስ ሰፊ ስላይድ ደረሰኝ። ሰውየው በጠና የታመመ ነበር፤ ስላይዱ በቀይ ጭረት ተሞልቷል። ብዙ አለበት ማለት ነውና ሦስት የመደመር ምልክት ጽፌ አስቀመጥኩት። ቀጥሎ የአንዲት ተማሪ ስላይድ ነበር። ዘይት አደረግሁበት፤ ሌንሱን ሳልጠርግ አወረድኩት። ሦስት ቀያይ ጭረቶች አየሁ። ትንሽ ፈለግ አድርጌ ሁለት ጨመርኩ። መዝገቡ ላይ ኑሪያ ሸምሱ ከሚለው ስም ፊት አንድ የመደመር ምልክት አኖርኩና ቀጣዩን አነሣሁ። እጄ እንኳ አልዘገየም።

ረቡዕ ጠዋት ኑሪያ ራሷ መጣች። አቶ ደምሰው ኬሚካል ለማምጣት ወደ ዋናው መጋዘን ሄደው ብቻዬን ነበርኩ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ የያዘች። በሩ ላይ ቆመች።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ አላስልም። አተኩሶኝም አያውቅም። አልከሳሁም።»

«ሳያስል የሚይዘውም አለ፤» አልኳት። «መድኃኒት አለው። በየቀኑ እየመጣሽ መርፌ ትወጊያለሽ።»

«ቅዳሜ ነው የምንበረው፤» አለች። «ዛሬ ጠዋት ስሜ ከዝርዝሩ ወጥቷል። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ሊያስገቡ ነው።»

ልታለቅስ ነው ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም።

«ላየው እችላለሁ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ያዩትን ነገር። ያለብኝን ነገር በዓይኔ ልየው።»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። መከልከል ነበረብኝ፤ ግን የመከራከሪያ አቅም እንድታጣ የፈለግሁ ይመስለኛል። ስላይዷን ከሳጥኑ አወጣሁ፤ አዲስ ጠብታ ዘይት አደረግሁ፤ ሌንሱን አወረድኩ። ጭረቶቹ ነበሩ። ልቤ ተረጋጋ። ወንበሩን ለቀቅኩላትና ትንሿን ማስተካከያ እንዴት እንደምታዞር አሳየኋት።

ኑሪያ ለረጅም ጊዜ አየች። እጇ ማስተካከያዋ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ቀዮቹ እነዚህ ናቸው?»

«አዎ።»

«ሰማያዊዎቹስ?»

«የራስሽ ሴሎች ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አብረው አይታዩም?» አለች ዓይኗን ሳታነሣ። «ሰማያዊዎቹ ጥርት ሲሉ ቀዮቹ ይጠፋሉ። ቀዮቹን ሳመጣ ሰማያዊዎቹ ይደበዝዛሉ። ደግሞ ቀዮቹ ይንሳፈፋሉ።»

«ምን ማለት ነው ይንሳፈፋሉ?»

«ሰማያዊዎቹ ቆመዋል። ቀዮቹ ግን በቀስታ እየሄዱ ነው።»

ተነሽ አልኳት። ተቀመጥኩ። እውነቷን ነበር። አክታው ስላይዱ ላይ በእሳት ተጠብሶ የደረቀ ነው፤ በውስጡ ያለ ነገር ሁሉ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል እንጂ አይንቀሳቀስም። እነዚያ ጭረቶች ግን ከሴሎቹ በላይ ነበሩ፤ በዘይቱ ውስጥ። ስላይዱን በጣቴ ገፋ ሳደርገው ሰማያዊዎቹ ሴሎች ወዲያው አብረው ሄዱ፤ ቀዮቹ ወደ ኋላ ቀርተው ዘግይተው ተከተሉ። የማይበትን የላይኛውን ሌንስ አዞርኩት፤ አብረው አልዞሩም፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ያለ ቆሻሻም አይደሉም።

ልጅቷን ምን ብዬ እንዳሰናበትኳት ልክ አላስታውሰውም። «ነገ ተመለሺ፤ አንድ ነገር ላጣራ» ያልኳት ይመስለኛል። እሷ ግን ከፊቴ አንድ ነገር አንብባለች፤ በሩን ስትዘጋ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ከዚያ ማድረግ ያለብኝን ነገር አውቀው ነበር፤ ግን ለመጀመር ጊዜ ወሰደብኝ። ማንም ያልተጠቀመበት አዲስ ስላይድ አወጣሁ። አክታ የለው፣ ደም የለው፣ ምንም የለው። ሌንሱን በሙሉ የወረቀት ቅጠል በደንብ ጠረግሁት። ከዚያ ከጠርሙሱ አንድ ጠብታ ዘይት በባዶው ስላይድ ላይ ጣልኩና አየሁ።

በባዶው ስላይድ ላይ ሁለት ቀያይ ጭረቶች ነበሩ።

በሽታው ጠርሙሱ ውስጥ ነበር። ማንጠብጠቢያዋ በችኮላዬ የታመመ ሰው ስላይድ እየነካች፣ ወደ ጠርሙሱ እየተመለሰች፣ ከአንዱ ሰው ተነሥቶ ለሌላው ሰው የሚደርስ በሽታ ስትዘራ ከርማለች። ያልተጠረገው ሌንስ ደግሞ የድርሻውን ጨምሯል።

አቶ ደምሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መጡ። ወንበሩን ወደ ማይክሮስኮፑ ሳብኩላቸው። አዩ። ተነሥተው ስላይዱን አወጡና በመስኮቱ ብርሃን ላይ አነሡት፤ ባዶ መሆኑን አረጋገጡ። ደግመው አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

«ሌንሱን በየስንቱ ነበር የምትጠርጊው?»

«በየአሥሩ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ይህ ጠርሙስ ከተከፈተ ጀምሮ። ሦስት ሳምንት ይሆናል።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅቷን ነገ ሌላ አክታ እንድትሰጥ እናድርጋት፤ ነጻ ትወጣለች፤» አሉ። «‹ደግመን አየነው› ብለን እንጽፋለን። ለእሷ የሚያስፈልጋት ይኸው ነው።»

በዚያ ቅጽበት ያንን መንገድ ምን ያህል እንደወደድኩት ልነግራችሁ አልችልም። የተቃጠለው ምድጃ፣ የተወሰደው ቴክኒሻን፣ አክስቴ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። አቶ ደምሰው እኔን ሊያድኑ ነበር፤ ራሳቸውንም ጭምር፤ ኃላፊው እሳቸው ናቸውና።

«ሌሎቹስ?» አልኩ።

አቶ ደምሰው መዝገቡን ሳቡና ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ገልጠው ጣታቸውን በስሞቹ ላይ ማስኬድ ጀመሩ። አንድ የመደመር ምልክት ያለባቸውን እየለዩ በቁራጭ ወረቀት ጻፉ። ከኑሪያ ሌላ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ስላይዶቻቸውን ከሳጥን አወጣን። አንድ በአንድ ዛይሊን በሚባል ማጠቢያ ፈሳሽ አጥበን ዘይቱን አስለቀቅን፤ ያልተከፈተ የዘይት ጠርሙስ ከፈትን፤ በየስላይዱ መካከል ሌንሱን እየጠረግን፣ እኔ አይቼ እሳቸው ደግመው፣ እሳቸው አይተው እኔ ደግሜ፣ ከዳር እስከ ዳር ሄድንባቸው። ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትሸሽ ድረስ ሠራን።

ሦስቱ በእርግጥ ቲቢ ነበረባቸው፤ ጭረቶቹ ከሴሎቹ ጋር በአንድ ደረጃ፣ ተጣብቀው፣ ሳይንቀሳቀሱ ነበሩ። አራቱ ምንም የለባቸውም። የኑሪያም ንጹሕ ነበር።

ከአራቱ የአንዱ ስም ደበላ ነው። አስታወስኩት። የብሎኬት ማምረቻ የቀን ሠራተኛ፣ ትልልቅ እጆች ያሉት፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ሰው። ለአንድ ሳምንት ጉንፋን ይዞት ነበር የመጣው። ውጤቱን የነገርኩት እኔ ነበርኩ። «ይህ የሳንባው በሽታ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። «አባቴም በእሱ ነው የሞተው፤» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። መርፌ ሊጀምር በማግስቱ መምጣት ነበረበት። የመርፌ መዝገቡን ሄጄ አየሁ። አንድም ቀን አልመጣም።

«የታጠበ ስላይድ ብቻውን አይበቃም፤» አሉ አቶ ደምሰው ጋዋናቸውን እያወለቁ። «ሰዎቹ ተጠርተው እንደገና አክታ መስጠት አለባቸው። ለመጥራት ደግሞ ምክንያቱን መናገር ያስፈልጋል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት እኔ ልናገር።»

«አይ፤ እኔ ነኝ የምናገረው፤» አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለታችንም ወደ ጓድ ታዬ ቢሮ ገባን። ጓድ ታዬ የጤና ጣቢያው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ወታደር ቤት የነበረ፣ ሲያዳምጥ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ሰው። ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«ለመንግሥት የትምህርት ዕድል የተመረጠች ልጅ፣» አለ በመጨረሻ፣ «አንቺ በጻፍሽው ነው የቀረችው ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ይህን ያደረግሽው ማን ብሎሽ ነው?»

«ማንም አላለኝም። ቸኩዬ ነው።»

«ቸኩዬ፤» አለና እርሳሱን አጋደመው። «እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ምን እንደምንለው ታውቂያለሽ።»

አቶ ደምሰው በዚህን ጊዜ፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከመፍረድዎ በፊት መጥተው ይዩት፤» አሉ። እሱን «እርስዎ» ሲሉት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ላቦራቶሪው መጣ። አቶ ደምሰው ሁለት ባዶ ስላይዶች አዘጋጁ፤ አንዱ ላይ ከአሮጌው ጠርሙስ፣ አንዱ ላይ ከአዲሱ ዘይት። ጓድ ታዬ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። የመጀመሪያውን አየ። ሁለተኛውን አየ። እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

«ታዲያ ጥፋቱ የዘይቱ ነዋ፤» አለ።

አሁን ሳስበው መውጫ ሊሰጠኝ ፈልጎ ይሆናል። አቶ ደምሰውም ቀና ብለው አዩኝ። አዎ ብል ነገሩ እዚያ ላይ ሊቆም ይችል ነበር።

«ዘይቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤» አልኩ። «ሌንሱን መጥረግም የእኔ ሥራ ነበር።»

በእጄ ጽፌ እንድፈርም አደረገ። ከዚያ ለኑሪያ ትምህርት ጉዳይ የሚሆነውን ደብዳቤ እዚያው አስጻፈ፤ ሌሎቹ ሰዎች ተፈልገው እንዲጠሩም አዘዘ። እኔ ጉዳዬ እስኪጣራ በቀበሌው እንድቆይ ተወሰነ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዱኝ። በግቢው ያሉ ሠራተኞች ሁሉ ወደ መሬት ነበር የሚያዩት።

በቀበሌው መጋዘን ከሁለት ሴቶች ጋር ቆየሁ። አልተመታሁም፤ ደግመው ደጋግመው ግን ያንኑ ጠየቁኝ፤ ማን ላከሽ፣ ከማን ጋር ትገናኛለሽ። እኔም ያንኑ መለስኩ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እንድንሞቅ አወጡን። ከቦሌ በኩል አንድ ትልቅ አውሮፕላን ተነሥቶ ከላያችን አለፈ። ኑሪያ ትኑርበት አትኑርበት አላውቅም። ደብዳቤው በጊዜ መድረስ አለመድረሱን የምጠይቀው ሰው የለም። እስከማይታይ ድረስ አየሁት። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ፣ «ዘመድሽ አለበት?» አለችኝ። «እንዲኖርበት እየለመንኩ ነው፤» አልኳት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አቶ ደምሰው መጡ። ዋስ ሆነው ፈርመው አስፈቱኝ። ደጅ ስንወጣ የጠየቅኳቸው ያንኑ ነበር።

«ደብዳቤው ትናንት ከሰዓት ደረሰ፤» አሉኝ። «ቦታው ግን ሐሙስ ለሌላ ተሰጥቶ ነበር።»

ወደ ቤቴ ሳልሄድ ኑሪያ ቤት ሄድኩ። አባቷ አቶ ሸምሱ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። ሱቁ ተዘግቷል። ማንነቴን ስነግራቸው «ግቢ» አሉኝ። ኑሪያ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ተነሥታ ወንበሯን ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም።

ይቅርታ ለመጠየቅ ስንት ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋኝ። «ጋሽ ሸምሱ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤» ብቻ አልኩ።

«ሰምቻለሁ፤» አሉ። «ያ ሽማግሌ ሰውዬ ትናንት መጥቶ ነግሮናል። ራስሽ መናገርሽንም ነግሮናል።» ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። «ትምህርቱ ይቅር። አላህ ካለ ሌላ ጊዜ ታገኘዋለች። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ታናናሾቿ ይታመማሉ ብዬ ፈርቼ፣ ረቡዕና ሐሙስ ልጄን በጣሳ ነው ውሃ የሰጠኋት። ምግቧን ለብቻዋ ከጓዳ በር ላይ አስቀመጥኩላት። በገዛ እጄ። እሷ ዝም ብላ በላች። ይህን ማን ይመልስልኛል?»

«አባቴ፣ ተወው፤» አለች ኑሪያ።

ስወጣ ኑሪያ እስከ መንገድ ሸኘችኝ። «ያን ቀን ባያሳዩኝ ኖሮ እስከ ዛሬ በጣሳ ነበር የምጠጣው፤» አለችኝ። ለማጽናናት ብላው እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያው ቀጥዬ ወደ ኮተቤ ተሳፈርኩ። አቶ ደምሰው ዓርብ ዕለት አራቱን ሰዎች ሲያፈላልጉ ውለው ነበር። ሦስቱ ተገኝተዋል፤ እንደገና አክታ ሰጥተው በኋላም ከበሽታው ነጻ መሆናቸው ተረጋግጧል። ደበላ ግን የለም። ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት ከአክስቴ ቤት አሥር ደቂቃ አይርቅም ነበር። ያከራዩት ሴትዮ በሩ ላይ አነጋገሩኝ።

«ሄዷል፤» አሉኝ። «ሐኪም ቤት በሽታው አለብህ አሉት። ማታውን ቁጭ ብሎ አደረና ጠዋት ዕቃውን ለጓደኞቹ አከፋፈለ። ‹እዚህ ሰው ላይ ከማስተላልፍ አገሬ ገብቼ እናቴ ዘንድ ልሙት› ብሎ ጋቢውን ይዞ ሄደ።»

«አገሩ የት ነው?»

«በአርሲ በኩል ነው ሲል ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

ብሎኬት ማምረቻው ሄድኩ። የሚያውቁት ሰዎች ሌላ ሌላ የአገር ስም ነገሩኝ። አቶ ደምሰው ወደ ሁለት ወረዳ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልመጣም።

እኔ ለስድስት ወር ከማይክሮስኮፕ ተነሥቼ ብርጭቆ ሳጥብ ቆየሁ። ከዚያ በላይ አልተቀጣሁም፤ በአቶ ደምሰው ደመወዝና ኃላፊነት ላይ ምን እንደ ደረሰ ጠይቄያቸው ሊነግሩኝ ፈቃደኛ አልሆኑም። ኑሪያ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚሁ አገር ፋርማሲ ተማረች። ወዳጅ ሆንን ማለት አልችልም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ሰላምታዋን ነፍጋኝ አታውቅም።

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠብሽ ካላችሁኝ፣ አንደኛ ቀርፋፋ አደረገኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ስላይድ ሌንሱን ሳልጠርግ አላየሁም፤ ጠዋት ሥራ ስጀምር ዘይቱን በባዶ ስላይድ ሳላይ አልጀመርኩም። ጥርጣሬዬን በመደመር ምልክት መሸፈን ትቼ ስንት እንዳየሁ በቁጥር፣ ያልተማመንኩበትንም «አልተማመንኩም» ብዬ እጽፍ ነበር። ሐኪሞች አንዳንዴ ይበሳጩብኛል። ተማሪዎቼም «ትዘገያለች» ብለው ያሙኝ እንደነበር አውቃለሁ። በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ወረቀት የምትጽፉ ሁሉ፣ ሐኪምም ሁኑ ዳኛ ወይም አስተማሪ፣ አየሁ ስትሉ ያያችሁት ነገር ከሰውየው ላይ ይሁን ከራሳችሁ መሣሪያ ላይ ቆም ብላችሁ መርምሩ። እኔ ቆም ያልኩት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ «ላየው እችላለሁ?» ብላኝ ነው። የቀሩት ግን አልጠየቁኝም፤ አመኑኝ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለአንድ ሰው ነው። አንባቢዎች ሆይ፣ በደርግ ጊዜ ኮተቤ ብሎኬት ይሠራ የነበረ፣ ትልልቅ እጆች ያሉት፣ ሳንባዬ ታሟል ብሎ ወደ አገሩ የተመለሰ ደበላ የሚባል ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ በሕይወት ካለ ለእሱ፣ ከሌለም ለልጆቹ ይህን አንብቡላቸው። ደበላ፣ ያን ቀን አዎ ብዬ የነገርኩህ እኔ ነበርኩ። ስላይድህን አጥቤ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ጉንፋን ነበር የያዘህ።